ቁልቁለት ሲወርዱ ማን ይቀድማል? ከባዱ ወይስ ቀላሉ?

ዛሬ ስለ ብስክሌት እናወጋለን። ወጋችን ግን ብስክሌት ላለው ሰው ብቻ አይደለም። አህያ ጭኖ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ፣ አውድማ ላይ እህልና ገለባ የለየ ሁሉ ከነገሩ ግማሹን ያውቀዋል። የቀረውን አብረን እናገኘዋለን።

አቀስታ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከመካነ ሰላም ወዲያ ደግሞ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ አገር ዳገትና ቁልቁለት የሌለበት ጉዞ የለም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብዙ ሰው በብስክሌት ይሄዳል። እዚያ ፍሬን ቢላላ መሬት በእግር ተረግጦ ይቆማል። በእኛ ደጋ ግን ፍሬን ከላላ ሰው ገደል ይገባል። ስለዚህ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቁልቁለትን ማወቅ አለበት።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እኛ በአቀስታ አካባቢ የምናስተምር ተማሪዎች ነን። ሁለት ብስክሌት አለን። አንደኛችን ቀጭን ነው፤ 55 ኪሎ ይመዝናል። ሌላኛችን ደልደል ያለ ነው፤ 80 ኪሎ ይሞላል። አንድ ቀን ወደ ገበያ ስንሄድ ከአንድ ቁልቁለት አናት ላይ ቆምን። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። መጨረሻው ሜዳ ነው። ሰውም ከብትም አልነበረበትም። ጎን ለጎን ሆነን በአንድ ጊዜ ተነሣን። ፔዳል አልረገጥንም። ፍሬን አልያዝንም። ብስክሌቶቹን ዝም ብለን ለቀቅናቸው። ሾፌሮች «በፎሌ መውረድ» የሚሉት ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ላይ እኩል ነበርን። መሀል ላይ ስንደርስ ደልዳላው ቀደመ። እሱ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቀጭኑ ገና ከኋላ ነበር።

«ብስክሌቱ ይሆናላ!» አለ ቀጭኑ። እሺ ብለን ተለዋወጥን። ተመልሰን ዳገቱን ወጣንና እንደገና ወረድን። አሁንም ደልዳላው ቀደመ።

ማታ ይህን ለተማሪዎቻችን ነገርናቸው። ክርክር ተነሣ። አንድ አባት ሣቁና «ይኼ ምን ያስደንቃል? ከባድ ነገር ቶሎ ይወርዳል። ድንጋይና ላባ እኩል ይወድቃል እንዴ?» አሉ።

አንዲት እናት ደግሞ «ኧረ እንደሱ አይደለም! አህያዬ ጭነት ሲበዛባት ቁልቁለት ላይ ቀስ ትላለች እንጂ መች ትፈጥናለች?» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን አልሣቀም። እህል ወደ ወፍጮ ለማመላለስ አሮጌ ብስክሌት ገዝቷል። «የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው» አለ። «ግማሽ ኩንታል ከኋላዬ ጭኜ ያንን ቁልቁለት ብወርድ ፍሬኑ ይይዘኛል ወይ?»

ሦስቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። በተራ በተራ እንያቸው።

ድንጋይና ጠጠር

አንድ ሙከራ ያድርጉ። በአንድ እጅዎ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ይያዙ። በሌላው እጅዎ ትንሽ ጠጠር ይያዙ። ሁለቱን እኩል ከትከሻዎ ከፍታ ላይ ያንሡ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይልቀቋቸው። ማን ይቀድማል? ማንም አይቀድምም። ሁለቱም አንድ ላይ መሬት ይመታሉ።

ለምን? ምድር ከባዱን ድንጋይ በብዙ ኃይል ትስበዋለች። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከባድ ነገር ለመንቀሳቀስ ይለግማል። አሥር ጊዜ የሚከብደው ድንጋይ አሥር ጊዜ ይሳባል፤ አሥር ጊዜም ይለግማል። ስለዚህ ይካካሳል። ፍጥነታቸው እኩል ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሁለት እኩል ወረቀት ይውሰዱ። አንዱን ጨብጠው ያድቦልቡሉት። ሌላውን እንደተዘረጋ ይተዉት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። (ይህን ጋዜጣ ግን አይጨብጡት፤ ጎረቤት ያንብበው።) የተድቦለቦለው ቶሎ ይወድቃል። የተዘረጋው ይንሳፈፋል። ክብደታቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአየር ነው። የተዘረጋው ወረቀት ሰፊ ስለሆነ አየር ይይዘዋል።

አየር ባይኖርስ? ይህም ተሞክሯል። በሐምሌ ወር 1963 ዓ.ም. ዴቪድ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ አፖሎ 15 በተባለው ጉዞ ጨረቃ ላይ ወረደ። እዚያ ቆሞ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው እጁ የጭልፊት ላባ ያዘ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለቀቃቸው። ጨረቃ ላይ አየር የለም። መዶሻውና ላባው እኩል መሬት ነኩ።

እንግዲህ ላባ የሚዘገየው ምድር ስለናቀችው አይደለም። አየር ስለሚይዘው ነው።

ከአውድማ የምናውቀው

ይህን ነገር ከማንም በላይ ገበሬ ያውቀዋል። የተወቃውን እህል በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ወርውረን ለነፋስ እንሰጠዋለን። ፍሬው እዚያው አጠገባችን ይወድቃል። ገለባው ግን ነፋስ ይዞት ራቅ ይላል። ለምን? ገለባ ስፋት እንጂ ክብደት የለውም። ፍሬ ግን ትንሽ ሆኖ ክብደት አለው። አየር ሰፊና ቀላል የሆነውን ያሸንፋል። ጠባብና ከባድ የሆነውን ግን አያሸንፍም። ጨረቃ ላይ አውድማ ቢኖር ኖሮ ፍሬና ገለባ ባልተለዩ ነበር።

ብስክሌተኛውም እንዲሁ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ሦስት ኃይሎች ይሠሩበታል። አንደኛ፣ ምድር ወደ ታች ትስበዋለች። ሁለተኛ፣ ጎማው መሬት ላይ ሲንከባለል መሬቱ ጥቂት ይይዘዋል። ሦስተኛ፣ አየር ከፊት ይገፋዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከክብደት ጋር አብረው ያድጋሉ። ከባዱ ሰው የበለጠ ይሳባል፤ ጎማውም መሬቱን የበለጠ ይጫናል። በዚህ በኩል ከባዱም ቀላሉም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። አየር ግን ሚዛን አይዝም። ኪሎ አይጠይቅም። አየር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ስፋትህ ምን ያህል ነው? ፍጥነትህስ? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን የእኛን ውድድር እንመልከት። መጀመሪያ ላይ እኩል የነበርነው ለምንድን ነው? ፍጥነታችን ትንሽ ስለነበረ አየሩ ገና አልተሰማንም። እየፈጠንን ስንሄድ አየሩ በረታ። በመጨረሻ አየሩ የሚገፋው ኃይልና ወደ ታች የሚስበው ኃይል እኩል ይሆናሉ። ያን ጊዜ ፍጥነት መጨመሩን ያቆማል። ቀጭኑ እዚህ ላይ ቶሎ ደረሰ። ደልዳላውን ግን ምድር ይበልጥ ስለምትስበው አየሩ ቶሎ አልቻለውም። ገና ይፈጥን ነበር። የቀደመውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኚያ አባት ከባዱ ይቀድማል ማለታቸው ልክ ነው። ምክንያቱ ግን አየሩ ነው።

ስምንቱ ሣጥኖች

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ ጠየቀን። «ወፍራም ሰው እኮ ሰፊም ነው። አየር እሱን ይበልጥ አይይዘውም ወይ?» አለን። ይይዘዋል። ግን ክብደቱ ከስፋቱ ይበልጥ ያድጋል። እንዴት እንደሆነ እንይ።

ስምንት እኩል ሣጥኖች አሉ እንበል። አራቱን ከፊት እንደርድር፤ ሁለቱ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ። የቀሩትን አራቱን ልክ ከእነሱ ኋላ እንደርድር። አሁን አንድ ትልቅ ሣጥን ሆኑ። ክብደቱ የስምንት ሣጥን ነው። ከፊት ለሚመጣ ነፋስ የሚታዩት ግን አራቱ ብቻ ናቸው። አራቱ ከኋላ ተደብቀዋል። ክብደት ስምንት እጥፍ ሲሆን ነፋስ የሚያገኘው ፊት አራት እጥፍ ብቻ ሆነ ማለት ነው። የትልቅ ሰውና የትንሽ ሰው ነገርም ይህን ይመስላል።

ጭነት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከኋላ የታሰረ ጆንያ ሙሉ በሙሉ ከነጂው ጀርባ ተደብቋል። ክብደቱ አለ፤ ነፋስ ግን አያገኘውም። አንድ 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ አንዱን ቁልቁለት ወረደ እንበል። ድምሩ 70 ኪሎ ነው። ፍጥነቱም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመ። ያው ሰው ግማሽ ኩንታል ከኋላው ቢጭን ድምሩ 120 ኪሎ ይሆናል። ያው ቁልቁለት ረጅም ከሆነ አሁን የሚቆመው ወደ 39 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ነጂው ወደ መሪው ጎንበስ ቢል ፊቱ ይጠባል፤ ይፈጥናል። ቀና ብሎ ጋቢውን ነፋስ ቢነፋለት ይዘገያል። የከፍታም ነገር አለ። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። በእኛ ደጋ እዚህ ከፍታ የሚደርስና የሚያልፍ ቦታ ሞልቷል። ስለዚህ አየሩ እዚህ ብዙ አይዘንም። ቁልቁለቱ ያው ቢሆንም ደጋ ላይ ይበልጥ እንፈጥናለን።

ዳገት ሲመጣስ?

ዳገት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዳገት ሲወጡ ፍጥነት ትንሽ ስለሆነ አየር ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ክብደት ነው። እያንዳንዱ ኪሎ በእግር ጉልበት መነሣት አለበት። ስለዚህ በተራራ ላይ የብስክሌት ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሰው ዳገቱን ይቀድማል። ከባዱ ቁልቁለቱ ላይ ያካክሳል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ውድድር ያውቁታል። አገራችን መጀመሪያ ኦሊምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ ብስክሌተኞች አንዱ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ «ቱር ደ ፍራንስ» በተባለው በፈረንሳይ ትልቅ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ውድድር ነጂዎች ትላልቅ ተራሮችን ይወጣሉ፤ ይወርዳሉም።

የአህያዋ ብልሃት

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። አህያ ጭነት ሲበዛባት ቁልቁለት ላይ ለምን ቀስ ትላለች?

እናታችን ያሉት እውነት ነው። ጭነቱ አህያይቱን ወደ ታች ይገፋታል። እሷ ግን ይህን ታውቃለች። በእያንዳንዱ እርምጃ እግሯን ተክላ ጭነቱን ትይዛለች። የአህያ ፍሬን እግሯ ውስጥ ነው። ጭነት ሲጨምር እርምጃዋን ታሳጥራለች።

ብስክሌት ግን እግርም አሳብም የለውም። ጭነት ሲጨምር ዝም ብሎ ይፈጥናል። የአህያዋን ብልሃት ማምጣት ያለበት ነጂው ነው። ይህም የወጣቱን ጥያቄ ያመጣል።

ፍሬኑ ይይዛል ወይ?

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ቀጭኑ የእኛ ሰው አንድ ቀን 30 ኪሎ ገብስ ጭኖ ያንን ቁልቁለት ወረደ። ዝናብ ካፍቶ ነበር። ቸርኬው እርጥብ ነበር። ባዶውን ሲወርድ እንደለመደው መሀል እስኪደርስ ፍሬን አልያዘም። ከዚያ ያዘ። ፍሬኑ አልቆመም። አጥብቆ ጨበጠ። አሁንም አልቆመም። ፊት ለፊት በጎች መንገድ እያቋረጡ ነበር። መሪውን ወደ ታረሰ ማሳ መለሰና ወደቀ። ክርኑ ተላጠ። ጆንያው ተቀደደ። ገብሱን ከአፈር ስንለቅም መሸብን። እግዜር ይስጣቸው፣ እረኞቹ አብረውን ለቀሙ።

ምን ነበር ስሕተቱ? የእጅ ፍሬን የሚይዘው በእጃችን ጉልበት ልክ ነው። ጭነት ስለጨመርን የእጃችን ጉልበት አይጨምርም። ሥራው ግን ይጨምራል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። አንደኛ፣ የሚቆመው ነገር ከብዷል። ሁለተኛ፣ ከባድ ስለሆነ ፈጥኗል።

የወጣቱን ጭነት እናስላ። ድምሩ ከ70 ኪሎ ወደ 120 ኪሎ ወጣ። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 39 ኪሎ ሜትር ወጣ። የክብደቱ ጭማሪ በፍጥነቱ ጭማሪ፣ ውጤቱም እንደገና በፍጥነቱ ጭማሪ ሲባዛ የፍሬኑ ሥራ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሜዳ ላይ ባዶውን በ10 ሜትር ውስጥ ይቆም የነበረ ብስክሌት በያው ፍሬን አሁን የሚቆመው ወደ 30 ሜትር ያህል ሄዶ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ቁልቁለቱ ከበረታ ፍሬኑ ፍጥነቱን እንዳይጨምር ይይዘው ይሆናል እንጂ አያቆመውም።

ሙቀትም አለ። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ይለውጣል። 120 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌትና ጭነት 100 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ቢወርድ የሚወጣው ሙቀት አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው ላይ ያርፋል። ቸርኬ በጣም ከጋለ ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል።

ስንወርድ ምን እናድርግ?

1. ከመነሣትዎ በፊት ፍሬኑን ይፈትሹ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ፍሬኑን ጨብጠው ብስክሌቱን ይግፉት። ጎማው ከዞረ ፍሬኑ አልያዘም። የፍሬኑ ጎማ ካለቀ ይለውጡት። ሽቦው ከተበጣጠሰም ይለውጡት።

2. ከአናቱ ጀምረው ቀስ ይበሉ። ፍጥነት ሳይጨምር መያዝ ይቀላል። ከፈጠነ በኋላ ማቆም ግን ከባድ ነው።

3. የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ይያዙ። ጠጠር ላይ የፊቱን በድንገት አይጨብጡ፤ ጎማው ይንሸራተታል። መታጠፊያ ከመድረስዎ በፊት ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

4. ረጅም ቁልቁለት ላይ ቆም እያሉ ቸርኬው ይቀዝቅዝ። በጣትዎ ግን አይንኩት፤ ያቃጥላል።

5. በዝናብ ጊዜ ይጠንቀቁ። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን በጣም ይደክማል። በሩቁ ይያዙ።

6. ጭነት ዝቅ አድርገው አጥብቀው ይሰሩ። ገመድ ወይም የጋቢ ጫፍ ራጂው ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ልጅ ከኋላ ከተቀመጠ እግሩ ራጂው ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቁት። ልጁም ክብደት ነው፤ ከእሱ ጋር ሲወርዱ ቀስ ይበሉ።

7. ቁልቁለቱ ከበረታ ይውረዱና ብስክሌቱን እየያዙ በእግር ይሂዱ። ይህ ነውር አይደለም። አህያዋም እርምጃዋን ታሳጥራለች።

በማግሥቱ ወጣቱ ብስክሌቱን ይዞ መጣ። ግማሽ ኩንታል ጫንንበት። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ለጥ ወዳለው ሜዳ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ሞከርነው። ሁለታችን ከጎን ከጎን ሆነን ያዝነው። ፍሬኑን ጨበጠ። ብስክሌቱ ግን ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ጆንያውን ፈታ። እህሉን ለሁለት ከፈለው። አዲስ የፍሬን ጎማ እስኪያገኝ ድረስ ቁልቁለቱን በእግሩ እንደሚወርድ ነገረን።

«ሁለት ጊዜ መመላለስ ያደክማል» አለ። «ግን እህሉም ይደርሳል፤ እኔም እደርሳለሁ።»

ለውይይት

ድንጋይና ጠጠር እኩል የሚወድቁት ለምንድን ነው?
ገለባ ከፍሬ የሚለየው በምን ምክንያት ነው?
እርስዎ ስንት ኪሎ ይመዝናሉ? ከነጭነትዎስ? በመንደርዎ ካሉት ቁልቁለቶች ወርደው በእግር መሄድ ያለብዎት የትኛው ላይ ነው?